ማስታወቂያዎ ከደብዳቤዎ ግርጌ ላይ ነው

ከአንዲት አንባቢያችን የደረሰን ደብዳቤ አጠር ብሎ ሲቀርብ እንዲህ ይላል፦

«የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። ፒያሳ አካባቢ በተከራየኋት አንዲት ክፍል የባልትና ሱቅ ከከፈትኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶና ቡላ እሸጣለሁ። ተበድሬ 16,000 ብር አወጣሁና አንድ ትልቅ ባነርና 1,000 በራሪ ወረቀት አሳተምኩ። ወረቀቱ ላይ ‹ጥራታቸውን የጠበቁ የባልትና ውጤቶችን በተመጣጣኝ ዋጋ ለውድ ደንበኞቻችን እናቀርባለን፤ ይምጡና ይጎብኙን› ይላል። 300 ያህሉን መናኸሪያ በር ላይ አስበተንኩ፤ ወረቀቱን አይቶ የመጣ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ለሌላ ማስታወቂያ የሚሆን ገንዘብ የለኝም፤ ጽሑፍም አልችልም። የሚያሳዝነኝ ድካሜ ነው። ሽሮዬ አተርና ሽምብራ ብቻ ነው፤ ከሰው እህል ጋር እንዳይቀላቀልብኝ ብዬ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቼ፣ ወፍጮ ቤቱ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ሆኜ፣ ወፍጮው ተጠርጎ ነው የማስፈጨው። ይህን የሚያውቅልኝ ሰው የለም። ምን ባደርግ ይሻለኛል?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። በውስጡ ሁለት ማስታወቂያዎች አግኝቼበታለሁ። አንደኛው 16,000 ብር የወጣበትና ቃል በቃል የገለበጡልን ነው፤ ሁለተኛው አንድም ብር ያልወጣበት፣ እርስዎም ማስታወቂያ መሆኑን ሳያስቡት እንደ ብሶት አድርገው በመጨረሻ የጻፉት ነው። የመጀመሪያው ገበያተኛ ያላመጣልዎ ወረቀቱ ስላነሰ ወይም ባነሩ በትክክለኛው ቦታ ስላልተሰቀለ አይመስለኝም። ሁለተኛውን ግን እስከ ዛሬ ከእኛ በቀር ያነበበው የለም።

በመጀመሪያው ልጀምር። ከወረቀቱ ላይ የሱቅዎን ስም ይሰርዙና የጎረቤትዎን ሱቅ ስም ይጻፉበት፤ ቀጥለውም «የባልትና ውጤቶች» የሚለውን አውጥተው «የቤት ዕቃዎች» ወይም «የሕፃናት ልብሶች» የሚል ያስገቡበት። ዓረፍተ ነገሩ ምንም ሳይጎድልበት ለሁሉም ይሆናል፤ ለሁሉም የሚሆን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ስለ እርስዎ ሱቅ የተናገረው ነገር የለም ማለት ነው። «ጥራት» የሚለው ቃል በራሱ ክፉ ሆኖ ሳይሆን፣ የማይጠራው ነጋዴ ስለሌለ አንባቢው አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል፤ «ተመጣጣኝ ዋጋ»ም ከምን ጋር እንደተመጣጠነ ስለማይነግረው እንዲሁ ነው። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ እንዳልሆነም ላስረዳዎ። ከዓመታት በፊት በአንድ ማተሚያ ቤት በጽሑፍ አራሚነት ስሠራ፣ አብዛኞቹ ደንበኞች ምንም ሳይጽፉ መጥተው «የሚሆነውን ጻፉልኝ» ይሉን ነበር፤ ጸሐፊውም ትናንት ለሌላው ያዘጋጀውን ከኮምፒውተሩ አውጥቶ ስሙንና ስልክ ቁጥሩን ብቻ ይቀይርበታል። ጎዳናው ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተሞላው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንምጣ። እርስዎ የጻፉትን ምንም ሳልጨምርበት ባስተካክለው እንዲህ ይሆናል፦

«ሽሮአችን አተርና ሽምብራ ብቻ ነው። ወፍጮ ቤቱ ሲከፈት ከሁሉ ቀድመን፣ ወፍጮውን አስጠርገን እናስፈጨዋለን፤ የሌላ ሰው እህል አይቀላቀልበትም።»

ወፍጮ ቤት ወረፋ ጠብቃ የምታውቅ ሴት ይህን ስታነብ ማስረጃ አትጠይቅዎትም። ከፊቷ ማሽላ ወይም ባቄላ ያስፈጨ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ የሚወርደው ዱቄት የራሷ ብቻ እንደማይሆን በዓይኗ አይታለች፤ አንድ ቀን ሽሮዋ መልኩ ተለውጦባት ወደ ቤት ተመልሳ ይሆናል። እርስዎ ያንን ችግር በስሙ ጠርተው፣ ምን እንደሚያደርጉለት በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገሯት። «ጥራት» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜም ሳይጠቅሱ ጥራቱን አሳዩ። ከዚህ ሌላ ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ይህች ሴት ለቡና የጠራቻትን ጎረቤቷን «ያቺ ፒያሳ ያለችው ባለ ባልትና እኮ ሌሊት ተነሥታ ከሰው ቀድማ ነው የምታስፈጨው» ብላ መልሳ ልትነግራት ትችላለች። «ጥራቱን የጠበቀ ምርት በተመጣጣኝ ዋጋ ታቀርባለች» ብላ ግን በቡና ላይ የምታወራ ሴት አላጋጠመችኝም፤ የምታጋጥመኝም አይመስለኝም። ትንሽ ገንዘብ ላለው ነጋዴ ከሁሉ የረከሰው ማስታወቂያ ሰው ለሰው የሚነግረው ስለሆነ፣ የሚጽፉት ነገር ሁሉ በሰው አፍ ሊዞር የሚችል መሆኑን አስቀድመው ይመዝኑት።

«ጽሑፍ አልችልም» ያሉትን ስለዚህ አልቀበልዎትም። የሚያስቸግርዎ ብዕር ሲይዙ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ለመጻፍ መሞከርዎ ብቻ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንዲት አዲስ ገዢ ሱቅዎ ገብታ «ይህ በርበሬ ከየት የመጣ ነው? እንዴት ነው የምታዘጋጁት?» ብላ ስትጠይቅዎ የሚመልሱላትን በስልክዎ ድምፅ መቅጃ ይቅዱትና ማታ ቁጭ ብለው ወደ ወረቀት ይገልብጡት። የማረቆ በርበሬ ነው ካሉ ማረቆ ብለው ይጻፉ፤ የሀላባ ከሆነም ሀላባ ይበሉ፤ ዘንጉንና የተበላሸውን ፍሬ በእጅዎ እየለቀሙ የሚያወጡ ከሆነ ያንኑ ይበሉ። ከዚያ ለልጅዎ ወይም ለጎረቤትዎ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፤ «ምን ማለት ነው?» ብለው ያስቆሙዎት ቦታ መስተካከል ያለበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ማስገንዘብ እፈልጋለሁ። የጻፉትን ነገር በየሳምንቱ መፈጸም ይኖርብዎታል። አንድ ቀን ታመው ወይም ልጅ ታሞብዎ እኩለ ቀን ላይ ካስፈጩ፣ ያን ዙር ያንን ጽሑፍ በለጠፉበት ከረጢት አይሽጡት። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የሌላውን ነጋዴ ምርት ማንቋሸሽንም እንዲሁ። ስለዚህ «ሌሎች በርበሬ ውስጥ ሸክላ ይጨምራሉ» ብለው አይጻፉ፤ ነገሩ በአገራችን መከሰቱ እውነት ቢሆንም እንኳ የእርስዎ ድርሻ የራስዎን እጅ ሥራ መናገር ነው። በሶውም ሆነ ቡላው ይህን ወይም ያን በሽታ ይፈውሳል የሚል ቃል እንዳይገባበት አደራ እላለሁ። ምግብን መድኃኒት ነው ብሎ መሸጥ ታማሚን ከሕክምና ሊያዘገይ ይችላልና።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ለማን ይጻፍ የሚለው ነው። መናኸሪያ በር ላይ የበተኑት ወረቀት የደረሳቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሻንጣ ይዘው ወደ ሌላ ከተማ የሚጓዙ ነበሩ፤ ለእነርሱ ሽሮ ማለት ተጨማሪ ሸክም ነው። ሐዋሳ ግን ለእርስዎ ሥራ የሚመቹ በግልጽ የተለያዩ ገዢዎች ያሏት ከተማ ናት። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ የሚሰፉ ወጣት ሴቶች አንዲት ክፍል ለሁለትና ለሦስት ተከራይተው ይኖራሉ፤ እነርሱ አንድ ኪሎ ሳይሆን ሩብ ኪሎ መግዛት ይፈልጋሉ፤ ዋጋውን ሳያውቁ ወደ ሱቅ መግባትም ያሳቅቃቸዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ እሳት ሳያነድድ የሚበላውን በሶ ይፈልጋል። በገብርኤል ክብረ በዓል፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ወደ ቤቱ ሲመለስ ይዞት የሚሄደው የአካባቢው ነገር ያምረዋል፤ የእንሰት ቡላ ለእርሱ ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ለማነጋገር ከሞከሩ «ውድ ደንበኞቻችን» ወደሚለው ይመለሳሉ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ለልብስ ሰፊዎቹ ብቻ እጽፍ ነበር፤ በቁጥር ብዙ ናቸው፣ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይኖራሉ፣ አንዷ የሰማችውን ለክፍል ጓደኞቿ ትነግራለች። ለእነርሱም የምጽፈው ይህን ያህል ነው፦ «ሩብ ኪሎ ሽሮ ይሄን ያህል ብር። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ነን። በቴሌብር መክፈል ይቻላል።» የመዝጊያ ሰዓቱ ከሥራ ፈረቃቸው ጋር ካልተገጣጠመ ግን የወረቀቱ ቃል ብቻውን አይረዳዎትም።

ዋጋን ስለመጻፍ ብዙ ነጋዴዎች ያመነታሉ፤ ተፎካካሪ ያየዋል ወይም ነገ ይለወጣል ብለው ይሰጋሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድደዋል፤ እርስዎም እንደ ግዴታ ብቻ አይቁጠሩት። ዋጋው ያልተጻፈበት ወረቀት አንባቢውን «ሄጄ ብጠይቅና ባይሆንልኝስ?» በሚል ሐሳብ ቤቱ ያስቀረዋል። ዋጋው ሲለወጥ የሚጣለው እንዳይበዛ 1,000 አያሳትሙ፤ 50 ፎቶ ኮፒ ይበቃዎታል።

አሁን ከሁሉ የበለጠ ትኩረት እንዲሰጡት ወደምፈልገው ነገር ልግባ። በደብዳቤዎ ውስጥ ባነር አለ፣ በራሪ ወረቀት አለ፤ ሽሮው ስለሚሸጥበት ከረጢት ግን ምንም አላሉም። ብዙዎቹ አነስተኛ የባልትና ሱቆች እንደሚያደርጉት ስም በሌለው ነጭ ላስቲክ የሚሸጡ ከሆነ፣ በየቀኑ ወደ ሰው ቤት የሚገባ ማስታወቂያ ባዶውን እየሰደዱ ነው። ባነር ሰው እየተራመደ ለሁለት ሰከንድ ያየዋል፤ ከረጢቱ ግን ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ ለሳምንታት ይቀመጣል፤ ወጥ በተሠራ ቁጥር ይነሣል፤ እንግዳ «ሽሮሽ ጥሩ ነው፣ ከየት ነው?» ብላ ስትጠይቅ ይወጣል። በዚያች ቅጽበት ስምና ስልክ ከሌለው፣ ባለቤቷ «አንዲት ፒያሳ ያለች ሴት ጋ» ትላለች፤ ገበያው እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ትንሽ ወረቀት በፎቶ ኮፒ አባዝተው ከረጢቱ ላይ ይለጥፉ። እኔ የማስበው ጽሑፍ እንደሚከተለው ነው፤ ቅመሞቹን እርስዎ በሚያስገቧቸው ይተኳቸው፤ ቅመም ካላስገቡም ያውጧቸው፦

«ምጥን ሽሮ። አተርና ሽምብራ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ኮረሪማ ያለው። የተፈጨበት ቀን፦ … ። ወፍጮው ሲከፈት ከሁሉ ቀድመን አስፈጭተነዋል። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ደረቅ ቦታ ያኑሩት፤ በእርጥብ ማንኪያ አይጭለፉት። ሲያልቅ ይደውሉልን።»

ቀኑን በእጅዎ በእስክሪብቶ ይጻፉት። በእጅ የተጻፈ ቀን ሰው እንደነካውና እንዳሰበበት ያሳያል፤ አሮጌ ዕቃ እንዳልሆነም ይመሰክርልዎታል። «በእርጥብ ማንኪያ አይጭለፉት» የሚለውም ለጌጥ የገባ አይደለም፤ ከሸጡ በኋላ እንኳ ስለ ዕቃው እንደሚያስቡ የሚነግር ነው። ስልክ ቁጥር አንድ ብቻ ይበቃል፤ ከመባዛቱ በፊትም በሌላ ሰው ስልክ ከወረቀቱ ላይ እያነበቡ ይደውሉበት። እዚያው ማተሚያ ቤት ሳለን አንድ ጊዜ አንድ አኃዝ የጎደለው 500 ካርድ አትመን፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቁጥሯን በእጃችን ስንሞላ ከርመናል፤ አንዳንዱ ካርድም አስቀድሞ ተበትኖ ስለነበር ባለካርዱ ስንት ጥሪ እንዳመለጠው ማንም አላወቀም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስልክ ቁጥራቸውን ፈቅደው የሰጡዎት ደንበኞች ካሉ አጭር መልእክት መላክም ርካሽ ነው። በግእዝ ፊደል ሲጻፍ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ በላቲን ፊደል ግን 160 ይይዛል። ከ70 ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠርብዎታል። ይህ ጥበት ለእርስዎ ጥሩ መምህር ነው። ለምሳሌ «የማረቆ በርበሬ ረቡዕ ተፈጨ። ሩብ ኪሎም እንሸጣለን። ፒያሳ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን።» የሚለው ነጥብና ክፍት ቦታ ተቆጥሮ 49 ነው፤ ባለ 10 አኃዝ ስልክ ቁጥር ከነክፍት ቦታው ቢጨመርበት 60 ይሆናል። «ውድ የተከበራችሁ ደንበኞቻችን እንደምን ሰነበታችሁ» ብለው ቢጀምሩ ግን በርበሬው ሳይነሣ ግማሽ ያህሉ ያልቃል። አክብሮቱ ሱቅ ሲመጡ በአፍዎ ይደርሳቸዋል። መልእክቱም በወር ከአንድ ጊዜ ባይበልጥ እመርጣለሁ።

ወቅቱን መምረጥ ከቃሉ እኩል ዋጋ አለው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የሽሮ ማስታወቂያ መውጣት ያለበት ጾሙ ከመግባቱ ከአንድ ሳምንት በፊት፣ ሴቶች ለቤታቸው በሚሸምቱበት ሰሞን እንጂ ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ አይደለም። የሲዳማ የዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላ ግን የተለየ ነው፤ ቀኑን የሚወስኑት የከዋክብትን አካሄድ የሚያነቡ የሲዳማ አዋቂዎች ስለሆኑ ቀድሞ ማሳተም አይመችም፤ ቀኑ እንደተነገረ በእጅ የሚጻፍ የሱቅ በር ሰሌዳ ይበልጥ ይጠቅምዎታል። ለዚያ ሰሌዳ ደግሞ በሲዳምኛ የሚጻፈውን አፉን በሲዳምኛ የፈታ ሰው ያዘጋጅልዎ። የአማርኛውን ቃል በቃል እንዲተረጉም አይስጡት፤ ነገሩን ነግረውት በራሱ አነጋገር ይጻፈው።

የአካባቢ ሬዲዮም ያለ ክፍያ ሊያስተናግድዎ ይችላል፤ ነገር ግን «ስለ ሱቄ ተናገሩልኝ» ብለው ከጻፉ ወደ ማስታወቂያ ክፍል ይልኩዎታል፤ ትክክልም ናቸው። አዘጋጁ የሚፈልገው አድማጩን የሚጠቅም ነገር ነው። እርጥበት የነካው በርበሬ እንደሚሻግትና ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊያመነጭ እንደሚችል ያውቃሉ ብዬ አስባለሁ፤ ክረምት ሲገባ ይህ የብዙ ቤት ችግር ነው። ስለዚህ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከግማሽ ገጽ የማይበልጥ ደብዳቤ ይጻፉ፦ «በርበሬና ሽሮ በክረምት እንዳይሻግት ማድ ቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚገባ ለአድማጮቻችሁ ለማስረዳት ፈቃደኛ ነኝ። በሐዋሳ ፒያሳ የባልትና ባለሙያ ነኝ፤ የደረቀና ያልደረቀ በርበሬ ይዤ መጥቼ ልዩነቱን አሳያለሁ።» ከዚህ በላይ ስለ ራስዎ አይጨምሩ። ጋዜጠኛው ሲያስተዋውቅዎ ሱቁን ራሱ ይጠራዋል፤ ከእርሱ አንደበት የሚወጣው ደግሞ ከእርስዎ የበለጠ ይታመናል።

ስለ ቴሌግራም አጭር ነገር ልበል። ቻናል መክፈት ነፃ ነው፤ ይክፈቱ፤ ከኢንተርኔት የወረደ የሚያብረቀርቅ ፎቶ ግን አይለጥፉበት። በሰፌድ ላይ የተሰጣ በርበሬና የሚለቅመው እጅዎ፣ በጠዋት ብርሃን የተነሣ፣ ከሥሩ ቀኑና ዋጋው ይበቃል። በጎግል ካርታ ላይም ሱቅዎን ያለ ክፍያ ማስመዝገብ ይችላሉ፤ የእንግዳ ሰው መንገድ ያሳጥራል። በግድግዳና በመብራት ምሰሶ ላይ ወረቀት ከመለጠፍዎ በፊት ግን የከተማውን አስተዳደር ይጠይቁ፤ ያለ ፈቃድ የተለጠፈ ወረቀት ከጥቅሙ ቅጣቱ ሊበልጥ ይችላል።

የቀሩዎትን 700 ያህል ወረቀቶች አይጣሏቸው። ጀርባቸው ባዶ ከሆነ፣ የወፍጮውን ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ የሩብ ኪሎ ዋጋውንና የመዝጊያ ሰዓቱን በዚያ በኩል በፎቶ ኮፒ ያሳትሙበት። በመጀመሪያ 50 ብቻ ያውጡና ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች መውጫ ሰዓት ላይ፣ እርስዎ ራስዎ ቆመው በእጅዎ ይስጡ። ሌሎች 50ዎቹ ላይ የወፍጮውን ትተው የማረቆ በርበሬውን ነገር ይጻፉና በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሰዓት ያድሉ። ሱቅ ውስጥ ደብተር ያኑሩ፤ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር «እንዴት ሰሙን?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በራሱ ቃል ይመዝግቡት። ከወር በኋላ የትኛውን ዓረፍተ ነገር ደጋግመው እንደጠቀሱልዎ ከደብተሩ ገልብጠው ቢልኩልን፣ ቀጣዩን ወረቀት አብረን እንጽፈዋለን።